ቤት የቀረው ጨዋነት

በዋግ ኽምራ ደጋ ማዕድ ቀርቦ ሳለ በደጅ የሚያልፍ ሰው «እንብላ» ሳይባል አይሸኝም። እንግዳ ሲገባ ተቀምጦ የነበረው «ኖር» ብሎ ይነሣል፤ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ ይመልሰዋል። ከመብላት በፊት የቤቱ ልጅ ውሃ ይዞ ከታላቅ ጀምሮ እጅ ያስታጥባል። ሰላምታው ባንድ ቃል አያልቅም፤ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ አዝመራው በየተራ ይጠየቃሉ፤ የተጠየቀውም ችግር ላይ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ይህ ለሰቆጣ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ለላስታውም፣ ለጎንደሩም፣ ለሸዋውም እንዲሁ። ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ነው። በዚህ ቤት ያደገ፣ ለሽማግሌ መነሣትን ገና በእግሩ መሄድ ሲጀምር የተማረ ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ ተቀጥሮ ጠረጴዛ ሲሰጠው ፊቱ የቆመውን ባለጉዳይ ቀና ብሎ የማያየው ለምንድን ነው? ጨዋነታችን የሚቋረጠው የት ላይ ነው? የኔ መልስ ይህ ነው፦ ጨዋነትን የቤትና የድግስ ጌጥ አድርገን ስለያዝነው በአደባባይ ሥራችን ውስጥ ቦታ አልሰጠነውም። እንደ ዋግ ባለ መንገዱ ሩቅ፣ ዝናቡ አጭር፣ ጦርነቱ ቅርብ በሆነ አገር ግን ኑሮ የሚቆመው በእርሱ ነው። ዋጋውም የሚለካው ብርቱው ለደካማው በሚያሳየው አክብሮት ነው፤ ደካማውማ ለብርቱው ወዶም ሆነ ሳይወድ ያጎነብሳል።

የመጀመሪያው ማስረጃ ታሪካችን ነው። ፖሊስ ጣቢያ በየወረዳው ባልነበረበት ዘመን ለመማታት የተነሣ እጅ በአብዛኛው የሚመለሰው በቃል ነበር። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው የጀመረውን ጠብ ትቶ ይቆማል፤ አልቆምም ካለ ነውሩ ከእርሱ አልፎ ለዘመዶቹ ይተርፋል። ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ጠባቂ ሳይከተላቸው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች አላፊውን «ዳኘን» ብለው ሲያስቆሙት እምቢ ብሎ ማለፍ ያስነውረው ነበር። በበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ ባላጋራውን በቃል ሲወጋ እንኳ የአቋቋሙም የአነጋገሩም ሥርዓት የታወቀ ነበር። ይህን የውጭ አገር ተጓዦች ተገርመው ጽፈውታል። የመንግሥት ክንድ በማይደርስበት ስፍራ ሕጉን ደግፎ ያቆመው የሰዉ ነውር አዋቂነት ነው። ሰቆጣ ራሷ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚገበያይባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ኽምጣና፣ አማርኛና ትግርኛ የሚናገሩ ሰዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ነጋዴ፣ ባንድ ሜዳ ይገናኙባት ነበር። እንዲህ ያለ ገበያ ያለ ሰላምታ፣ ቃልን ያለ መጠበቅ፣ እንግዳን ያለ ማክበር አንድ በጋ እንኳ አይሰነብትም። ቅፍለቱ የሚያድርበት ደጅ፣ አጋሰሱ የሚጠጣው ውሃ ካላገኘ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

የዋግ ሹሞች ታሪክ ደግሞ ነገሩን ከገበያው ወደ ቤተ መንግሥት ያወጣዋል። በትውፊት እንደሚነገረው በ13ኛው መቶ ዘመን ዘውዱ ከዛጉዌ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲያልፍ የተሸነፈው ወገን ፈጽሞ አልተዋረደም። ከዛጉዌ ዘር የሚቆጠሩት ዋግ ሹሞች አገራቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ በንጉሠ ነገሥቱም ፊት ከሌላው መኳንንት የተለየ የመቀመጫና የነጋሪት ክብር ተጠበቀላቸው። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ወንበርና ከበሮ ከንቱ ወግ ሊመስለን ይችላል። ያ ወግ ግን የተሸነፈው ቤት ከአሸናፊው ጋር ባንድ አገር ለመኖር የሚያስችል ክብር ይዞ እንዲቀር ያደረገ ስምምነት ነበር። ክብር ሲነካ የሆነውንም ታሪክ መዝግቦታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ዋግ ሹም ገብረ መድኅንን ሰቀሉ፤ ልጃቸው ዋግ ሹም ጎበዜ ሸፈቱ፤ ንጉሠ ነገሥቱ መቅደላ ላይ ካለፉ በኋላም በ1860 ዓ.ም. ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ለሽፍትነቱ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረ፤ ሁሉን በክብር መነካት ብቻ አላብራራውም። ነገር ግን አክብሮት የሥልጣን ጉዳይ እንደሆነ፣ እርሱን የረሳ ገዢም ዋጋ እንደሚከፍል የዋግ ሰው ከማንም ይልቅ ከገዛ አገሩ ታሪክ ሊረዳው ይችላል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። የምታወድሰው ጨዋነት የጌታና የሎሌ ሥርዓት ነው፤ ድሃው እጅ ይነሣል፣ ባላባቱ ተቀምጦ ይቀበላል፤ ሴቷ አንገቷን ትደፋለች፣ ልጁ ቆሞ ያበላል፤ በ1966 ዓ.ም. አብዮት የወደቀውን መልሰህ ልታቆም ነው ወይ የሚል ተቃውሞ። ግማሹ እውነት ነው፤ መካድም አይገባም። በወጋችን ውስጥ ዝቅተኛው ለከፍተኛው ብቻ የሚከፍለው የአክብሮት ግብር አለ፤ በዚያ ግብር የተሸፈነ ግፍም ነበረ። ይሁን እንጂ በዚያው ወግ ውስጥ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። የቤቱ ጌታ ድሃ እንግዳውን ቆሞ ያስተናግዳል። የበላው ያልበላውን «እንብላ» ይላል። ሐዘንተኛ ቤት ባለጠጋውም መሬት ላይ ይቀመጣል። በሻደይ በዓል ሰሞን፣ ከነሐሴ 16 እስከ 21፣ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ሣር በወገባቸው አስረው እየዘፈኑ በየቤቱ ሲዞሩ ደጁን የሚከፍትላቸው፣ ዘፈናቸውን ቆሞ የሚያደምጠውና ስጦታ የሚሰጣቸው ትልቁ ሰው ነው። የምከራከርለት ለዚህኛው ነው። አብዮቱ የመጀመሪያውን ለማጥፋት ሲነሣ ሁለተኛውንም አብሮ ናቀው። ሁሉንም ሰው «ጓድ» ማሰኘቱ በአነጋገር እኩል አደረገን፤ በዚያው ቃል እየተጠሩ ግን ብዙ ወጣቶች ወደ እስር ቤትና ወደ ሞት ተወሰዱ። የማዕረግ ስሞችን መሻር ብቻውን ሰውን እንዳላስከበረ ያ ዘመን አሳይቶናል። ለእኩልነት የሚታገል ሰው ጨዋነትን መጣል የለበትም፤ አቅጣጫውን ማስተካከል ነው ያለበት።

ወደ ዛሬው መሥሪያ ቤት እንምጣ። ከዝቋላ ወይም ከሳህላ ሰየምት ቆላ ተነሥቶ ወደ ዞኑ መቀመጫ ወደ ሰቆጣ ለጉዳይ የሚመጣ ገበሬ ስንቁን፣ መኪና ካገኘ መሳፈሪያውን፣ ካላገኘ ጉልበቱን ከፍሎ ነው የሚደርሰው። ማደሪያ ያስፈልገዋል፤ እርሻውን ወይም ፍየሎቹን ለሰው አደራ ብሎ ነው የመጣው። ይህ ሰው መስኮት ላይ ደርሶ «ነገ ና» ሲባል፣ ለምን ነገ እንደሆነም ሳይነገረው ፊት ሲዞርበት የሚከስረው ስሜቱን ብቻ አይደለም፤ ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ይከስራል። ወደ ቀዬው ሲመለስ ጎረቤቶቹ የሆነበትን ይሰማሉ፤ እነርሱም መብታቸውን ለመጠየቅ ከመምጣት ይቀራሉ። 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ ቅንነት፣ ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ አድልዎ አለመፈጸም በትልልቅ ፊደል ይነበባሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 24 ለማንኛውም ሰው ሰብዓዊ ክብሩ የመከበር መብት ሰጥቷል። ትልልቆቹ ቃላት ሁሉ አሉን። የጎደለን ቃላቱ ወደ ትንንሽ ድርጊት የሚወርዱበት ልማድ ነው፦ ቀና ብሎ ማየት፣ ሰላም ማለት፣ ለአዛውንት ወንበር መሳብ፣ «አይሆንም» ሲባል ምክንያቱን ማስረዳት። አባቱን «አንቱ» የሚል ልጅ የአባቱን እኩያ መሥሪያ ቤት ውስጥ «አንተ» ብሎ ሲጠራ ማንም የማይቆጣው ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ነውር የማይደርስበት ክልል ሆኗል ማለት ነው።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በጤና ተቋማት ነው፤ ለዚህም እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። በ2008ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ከተወለዱ 100 ሕፃናት በጤና ተቋም የተወለዱት 26 ብቻ ነበሩ። በ2011ዱ አነስተኛ ጥናት ቁጥሩ ወደ 48 ከፍ ብሏል። ለዕድገቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አምቡላንሶችና አዳዲስ ጤና ጣቢያዎች ትልቁን ድርሻ ይወስዳሉ። ያም ሆኖ ጤና ጣቢያው አጠገባቸው እያለ እቤታቸው የሚወልዱ እናቶች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ለምን ሲባሉ ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ግልምጫ ነው፤ የሚያዋልደው ሰው ጩኸትና ስድብ፣ በባዕድ ሰው ፊት ያለ መጋረጃ መራቆት፣ እናትና ጎረቤት አጠገብ እንዳይሆኑ መከልከል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ንቀትና እንግልት እንዲወገድ የሚጠይቅ መግለጫ ያወጣው ችግሩ የእኛ ብቻ ስላልሆነ ነው። የኛም ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተገበረው የአምስት ዓመት የለውጥ ዕቅድ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የጤና ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎት ነበር። ልብ በሉ፤ አንድ መንግሥት ከመድኃኒትና ከሕንፃ ጎን አክብሮትን በዕቅድ ውስጥ አስገባ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወለደች እናት ገንፎ መሠራቱ፣ በማቆያ ክፍሉ ቡና መፈላቱም ከዚሁ አሳብ የመነጨ ነው። ገንፎው ለወገብ ማጥበቂያ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ከሁሉ በላይ ለእናቲቱ «እዚህም ሰው ነሽ» ይላታል። አባቶቻችን ከፍትፍቱ ፊቱ ያሉትን በጀት ተይዞለት ስናየው ሥራ ላይ ሊውል እንደሚችል ገባን።

በዋግ ይህ ነገር ድርብ ትርጉም አለው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የገባው ቃል በዚች ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ ይጠራል። በ2008ቱ ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨርን የሚያቆመው ምግብ፣ ንጹሕ ውሃና ሕክምና ነው፤ ማንም ሰው በፈገግታ አይፋፋም። ሆኖም አንዲት እናት ልጇን አስመዝና ክብደቱ ቀንሶ ሲገኝ «ምን ስታበይው ነበር?» ተብላ በሰው ፊት ከተዋረደች በሚቀጥለው ወር አትመለስም። ያልተመለሰ ልጅ አይመዘንም፤ ያልተመዘነ ልጅም አይረዳም። እናቲቱ የምትናገረው ኽምጣና ብቻ ከሆነና ባለሙያው በአማርኛ ቶሎ ቶሎ ተናግሮ ካሰናበታት ምክሩ ደጅ ሳትወጣ ይጠፋል። በኽምጣና ሰላም ለማለትና የሕመሙን ቦታ ለመጠየቅ የሚበቃ ቃል መማር ከሌላ አካባቢ ለተመደበ ሠራተኛ ትንሽ ድካም ነው። የአገሩን ሰላምታ ሳይማር በሰው አገር ዓመታት የሚያገለግል ሰው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ጨዋነቱ ግን ገና አልተሟላም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ሕዝቡ እህል፣ መንገድና ሰላም ሲፈልግ ስለ ሰላምታ መጻፍ ቅንጦት ነው ይባላል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በዘለቀው ጦርነት ሰቆጣ በታጣቂዎች እጅ ገብታ ወጥታለች፤ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎች በሰቆጣና በወለህ መጠለያዎች ከጦርነቱ በኋላም ቆይተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው የእርዳታው ዱቄት እንደሆነ አልከራከርም። ነገር ግን ዱቄቱ የሚሰጥበት መንገድ ከዱቄቱ ጋር አብሮ ይደርሳል። ትናንት የራሱ ጎተራ የነበረው፣ እንግዳ ተቀባይ የነበረ ገበሬ ዛሬ ሰልፍ ላይ በጩኸት ሲገፈተር ከጦርነቱ የተረፈለትን የመጨረሻ ነገር ያጣል። ዓለም አቀፍ ረጂ ድርጅቶች በጋራ የሚመሩበት የስፌር መመሪያ መነሻ የሚያደርገው በክብር የመኖር መብትን ነው፤ ይህንም የጻፉት ብዙ መጠለያ ጣቢያ ያዩ ሰዎች ናቸው። በዚህ በኩል የዋግ ነዋሪ ከማንም ጽሑፍ አልተማረም። የራሱ የዕለት ጉርስ ሳይሞላ ቤቱን ለተፈናቃይ የከፈተው በርካታ ነው። ቤት ውስጥ የሠራው ነገር ሰልፉ ላይ ለምን እንደማይሠራ ማብራራት ያለበት መጋዘኑን የሚመራው ሰው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የበለጠ ያሳስበኛል፤ ጨዋነት ጥፋትን ይሸፍናል የሚለው። ፈገግ ብሎ ጉቦ የሚቀበል ሹም አለ፤ በትሕትና ተናግሮ ፋይል የሚሰውር አለ። በሌላው ወገን ደግሞ ይሉኝታ የያዘው ቤተሰብ ርኃቡን ደብቆ «ደኅና ነን» ይላል፤ የተበደለች ሴት «ነውር ነው» ተብላ አፏን ትይዛለች። ስለ ሹሙ መልሴ አጭር ነው፦ ማጭበርበሩን በሕግ ጠይቁት፤ ፈገግታው ጥፋቱን አያቀልለትም። ነገር ግን ግልምጫና ሙስና ባላንጣዎች እንዳልሆኑ ልብ እንበል። ባለጉዳይ በደጁ ሲንቋሸሽ በራሱ መግባት ይፈራና የሚያስገባው ሰው ይፈልጋል፤ ዘመድ ያፈላልጋል፣ ደላላ ይይዛል፣ ለደላላውም ይከፍላል። ንቀት ለጉቦ መንገድ የሚጠርገው እንዲህ ነው። ቀና ብሎ የሚያስተናግድ ሠራተኛ ባለበት መስኮት ግን ደላላ ሥራ አይኖረውም። ስለ ይሉኝታ የምለው ይለያል። የተቸገረውን ዝም የሚያሰኝ ወግ መስተካከል አለበት፤ የሚስተካከለውም ተቸጋሪውን «አትፈር» በማለት ብቻ አይደለም። ርኃቡን የሚነግረው ሰው እንዳይስቅበት፣ እንዳይዘረዝርበት እርግጠኛ ካልሆነ ማን ይናገራል? የዋግ ሽማግሌ ደም የተቃቡ ወገኖችን ሲያስታርቅ የመጀመሪያ ሥራው ሁለቱንም ሳያቋርጥ መስማት ነው። ምስጢር መጠበቅና ሳያቋርጡ ማድመጥም ጨዋነት ናቸው፤ የተደበቀውን የሚያወጡት እነርሱ ናቸው።

ጨዋነት በደብዳቤ አይታዘዝም፣ ከአስተዳደግ የሚመጣ ነው የሚሉም አሉ። እውነት ቢሆን ኖሮ ችግሩ ባልተፈጠረ፤ አስተዳደጉማ አለ። ችግሩ ያለው በአሠራሩ ነው። አንድ ሠራተኛ በቀን በርካታ ሰው ያለ ተራ ሲያጨናንቀው፣ ኃላፊው ራሱን በሰው ፊት ሲያመናጭቀው፣ ደመወዙ ከኑሮው ሲያንስ ብስጭቱን የሚያወርደው ከእርሱ በታች ባለው ላይ ነው። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም፤ ማስተካከያው ከየት እንደሚጀምር ለማሳየት ነው። ከላይ ይጀምራል። የዞኑና የወረዳው ኃላፊዎች ሠራተኛቸውን በክብር ቢናገሩ ቃሉ እስከ መስኮቱ ይወርዳል። ባለጉዳይ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበርና ጥላ፣ ተራ የሚያስከብር ቁጥር፣ ኽምጣና የሚያስተረጉም አንድ ሰው፣ «አይሆንም» ከተባለ ምክንያቱንና የመመለሻውን ቀን የያዘች ትንሽ ወረቀት፤ እነዚህ ትልቅ በጀት አይጠይቁም። የሠራተኛው የሥራ አፈጻጸም ሲመዘን የጨረሰው ፋይል ቁጥር ብቻ ሳይቆጠር ያስተናገዳቸው ሰዎች ቃልም ይጠየቅ። የሰቆጣ ነዋሪም የበኩሉ አለው። አንድ አዛውንት ከፊቱ ሲመናጨቁ ያየ ወጣት «ተራዬ አይበላሽብኝ» ብሎ ዝም አይበል፤ እቤቱ ቢሆን ዝም እንደማይል ያውቃልና። የተጉላላ ባለጉዳይም ረግሞ ከመመለስ ይልቅ የሠራተኛውን ስም ጠይቆ፣ ቀኑን ይዞ፣ ቅሬታውን በጽሑፍ ለኃላፊው ያቅርብ፤ መጻፍ የማይችለውንም የሚችለው ይጻፍለት።